ድሩን ለብቻ፣ ማጉን ለብቻ ጠይቁ፦ የአገር ጨርቅ ሲገዛ

ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሊሆን ሦስት ወር ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1789፣ ወዳጁን ጄኔራል ሄንሪ ኖክስን ጨርቅ እንዲገዛለት በደብዳቤ ለመነው። (የአሜሪካውን ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኒው ዮርክ ውስጥ ዋተር ስትሪት ቁጥር 44 አሜሪካ የተሠራ ምርጥ የሱፍ ጨርቅ እንደሚሸጥ በጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ ነበርና፣ አንድ ሙሉ ልብስ የሚወጣውን ያህል ግዛልኝ አለው። ቀለሙን አንተ ምረጥ ብሎ ተወለት። አንድ ነገር ግን አሰረበት፦ ቀለሙ በደንብ ያልያዘና ያልጠራ ከሆነ፣ ወይም ጨርቁ እውነትም ደቃቅ ካልሆነ፣ እንዲያው ላዩን ከተነከረው ይልቅ ፀጉሩ ሳይፈተል ተነክሮ የተቀየጠ ቀለም ያለው ይሻለኛል አለ።

ይህን ደብዳቤ የምወደው ገዢው ምን መጠየቅ እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። ኤፕሪል 30 ቃለ መሐላ ሲፈጽም የለበሰው ቡናማ ልብስ ኮኔቲከት ከሚገኘው ከሃርትፎርድ የሱፍ ፋብሪካ የወጣ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ፋብሪካውን ሄዶ ጎበኘና በዕለት ማስታወሻው ላይ ጨርቁ ለጊዜው አንደኛ ደረጃ አይደለም፣ ግን ጥሩ ነው ብሎ ጻፈ። ሳያጋንን፣ ሳያንቋሽሽ።

እኛ ጋ ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ጋቢ ለመግዛት የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "የአገር ልብስ ነው አይደል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም "እንዴታ!" ይላል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ጥያቄው ምንም አይለይም። ሸማኔው የአገር ሰው ሆኖ ክሩ ከፋብሪካ ሊሆን ይችላል፤ ድሩ (በርዝመት የሚወጠረው ክር) የፋብሪካ ሆኖ ማጉ (በወርድ የሚገባው ክር) የእጅ ፈትል ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ፋብሪካ ሆነው ጥለቱ ብቻ ዓይን ሊስብ ይችላል። ሁሉም "የአገር" ነው፤ ሁሉም ግን አንድ ዋጋ አያወጣም፣ እኩል ዕድሜም የለውም። ስለዚህ ድሩን ለብቻ፣ ማጉን ለብቻ መጠየቅ ነው።

ድሩ ከፋብሪካ፣ ማጉ ከቤት

ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከቤት ማድረግ ዛሬ የመጣ የሸማኔ ብልጠት አይደለም። አሜሪካ ውስጥም ከነጻነት በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ብዙ ቤት እንዲያ ይሠራ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ አልበርት ጋላቲን በ1810 ለምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ ከከተማ ውጭ የሚኖረው ሕዝብ ከሚለብሰውና ለአልጋና ለጠረጴዛ ከሚጠቀምበት ጨርቅ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በየቤቱ የሚሠራ ነው ብሏል። ያ የቤት ጨርቅ በብዛት ሱፍና ተልባ ነው። ተልባ ስል እኛ ቆልተን ወቅጠን የምንጠጣውን፣ ለጾም የምናፈላውን ተልባ ማለቴ ነው፤ ተክሉ አንድ ነው። እኛ ፍሬውን ወስደን ግንዱን እንጥላለን፤ እነሱ ከግንዱ ቃጫ እያወጡ አንሶላና ሸሚዝ ይሠሩ ነበር። ከሥሩ ይነቀላል እንጂ አይታጨድም፤ ቃጫው እስከ ሥሩ ስለሚሄድ ከታጨደ ያጥራል። ከዚያ በውሃ ወይም በጤዛ ይዘፈዘፋል፤ ቃጫውን ከእንጨታማው ክፍል ያጣበቀው ነገር ሲበሰብስ ግንዱ ይደርቅና ይሰበራል፣ ይራገፋል፣ በብረት ጥርስ ማበጠሪያ ይበጠራል። ረጅሙ ቃጫ ለአንሶላ፣ ማበጠሪያው ላይ የቀረው አጭሩ ለጆንያና ለሥራ ልብስ ይውላል። ከልክ በላይ ከተዘፈዘፈ ቃጫው ራሱ ይበሰብሳል፤ ካነሰው ደግሞ እንጨቱ አይለቅም። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ጥጥ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ሳሙኤል ስሌተር በ1790 መጨረሻ ሮድ አይላንድ ውስጥ ፖተኬት ላይ በውሃ ኃይል የሚሠራ መፍተያ አቆመ። ፋብሪካው የሚፈትል እንጂ የሚሸምን አልነበረም። ክሩ ለየቤቱ ሸማኔ ይሸጥ ወይም በአደራ ይሰጥ ነበር። የውሃ መፍተያው ክር ጠንካራና እኩል ስለነበረ ለድር ተመራጭ ሆነ። ድር የሚሠቃይ ክር ነው፤ ይወጠራል፣ በእያንዳንዱ ምት ይታሻል፣ አንዱ ሲበጠስ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ማግ ግን በመወርወሪያው ሄዶ ይተኛል፤ ብዙ ጉልበት አይጠየቅም። ስለዚህ ብዙ ቤት ድሩን ከፋብሪካ እየገዛ ማጉን ራሱ እየፈተለ ይሞላ ነበር። ድሩ ጥጥ ማጉ ሱፍ የሆነው "ሳቲኔት" የሚባለው ጨርቅም የተስፋፋው በዚሁ ጊዜ ነው።

ዛሬ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጥሩ የሚባለው ጋቢም አሠራሩ ይኸው ነው። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ አልነቅፈውም። ድሩም በእጅ የተፈተለ ከሆነ የፈታይዋ እጅ እጅግ የሰለጠነ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ድሩ ሸማኔው እጅ ላይ እየተበጣጠሰ በቋጠሮ የተሞላ ጨርቅ ይወጣል። የሚያስቆጣው ማጉም የፋብሪካ ሆኖ በፈትል ዋጋ ሲሸጥ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። የድሩ ጫፍ ዘርፉ ላይ ይታያል፤ የማጉ መታጠፊያ ደግሞ በጎን፣ በልብሱ ዳርና ዳር ነው። ከዘርፉ አንድ ክር፣ ከዳሩ ደግሞ አንድ ማግ በመርፌ ሳብ አድርጉና ጎን ለጎን ያዟቸው። የፋብሪካው ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፤ ሲፈታም ጥምዘዛው እኩል ይፈታል። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ቀጭኑ ላይ ጥምዘዛው ይበዛል፣ ወፍራሙ ላይ ይላላል። ከባዘቶው ሳይወጣ የቀረ ጥቃቅን የፍሬ ወይም የቅጠል ስብርባሪም አንዳንዴ ይገኛል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሲበዛ ግን ጥጡ በደንብ አልተዳመጠም፣ በደጋንም አልተነደፈም ማለት ነው። ክር መሳብ ካልተፈቀደላችሁ አንዱን ነጠላ ድርብ ወደ ፀሐይ አንሡት። የእጅ ማግ እንደ ስስ ደመና ወፍሮ ቀጥኖ ይታያል፤ የፋብሪካው እንደ ወንፊት እኩል ነው።

ጋቢ አራት ድርብ ነው። ሁለቱ የውስጥ ድርቦች አይታዩም፤ ስለዚህ ሻጩ ቢያጉረመርምም ገልጣችሁ እዩ። ላዩ ፈትል ሆኖ ውስጡ የፋብሪካ ማግ የሆነ ጋቢ በመጀመሪያው እጥበት ራሱን ያጋልጣል፤ ሁለቱ ማጎች እኩል ስለማይሰበሰቡ ላይኛው ይኮማተርና ውስጡ ይንጠለጠላል። ፈታይዋ ራሷ ከሸጠችላችሁ ደግሞ "እትዬ፣ ማጉ የእርስዎ ፈትል ነው? ድሩን ስንተኛ ቁጥር አደረጉት?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው የክር ቁጥር ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ቁጥሩ ምን ይነግራል?

የክር ቁጥር ከእንግሊዝ ጥጥ ፋብሪካዎች የመጣ መለኪያ ነው። 840 ያርድ (768 ሜትር ያህል) ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል ስንት ጊዜ ቢደገም አንድ ፓውንድ (454 ግራም ያህል) ይመዝናል ነው ነገሩ። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይቀጥናል፤ ቁጥር 40 ከቁጥር 20 ግማሽ ክብደት አለው። ቁጥር 14 ማለት በፓውንድ 11,760 ያርድ፣ በእኛ ስሌት 1 ግራም 24 ሜትር ያህል፣ 1 ኪሎ ደግሞ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ለመድረስ 2 ኪሎ የማይሞላ ክር ይበቃል ማለት ነው። የእጅ ማግ ከዚህ እጅግ ስለሚወፍር ርዝመቱ ያንሳል፤ ቢሆንም ለአንድ ሸማኔ የሚበቃ ፈትል ለማቅረብ ብዙ ፈታይ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ይህ ስሌት ያሳያል። የጋቢ ዋጋ ውስጥ ትልቁን ድርሻ መውሰድ ያለበትም ፈትሉ ነው፤ ጥለቱ አይደለም።

ቁጥር 14ን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ፍራንሲስ ካቦት ሎዌልና ባልንጀሮቹ ቦስተን አጠገብ ዋልታም ላይ ያቆሙት ፋብሪካ መፍተሉንም መሸመኑንም በአንድ ጣሪያ ሥር አድርጎ የመጀመሪያውን ጨርቅ ያወጣው በ1815 ገደማ ነው። ከባለ አክሲዮኖቹ አንዱ ናታን አፕልተን የዚያን ጨርቅ ልክ በትክክል መዝግቦታል፦ ክሩ ቁጥር 14፣ ወርዱ 37 ኢንች፣ በኢንች 44 ማግ፣ ክብደቱ በፓውንድ ከ3 ያርድ ጥቂት ያነሰ። ወደ ሜትር ስንመልሰው ወርዱ 94 ሴንቲ ሜትር፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር 17 ያህል ማግ፣ በካሬ ሜትር ከ175 ግራም በላይ ነው። ያልነጣ፣ ጥለት የሌለው፣ ወፍራም ጨርቅ። አቡጀዲ በሉት።

አፕልተን የጻፈው የመጀመሪያው ሽያጭ ለነጋዴም ለገዢም ትምህርት አለው። በዚያ ጊዜ ቦስተን ውስጥ የአገር ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሱቅ አንድ ብቻ ነበረ፤ የወይዘሮ ባወርስ ሱቅ። ዕቃው እዚያ ተደረደረ። ሰው ሁሉ ገብቶ ያደንቃል፣ ዋጋውንም የሚቃወም የለም፤ የሚገዛ ግን ጠፋ። ሎዌል በያርድ 25 ሳንቲም ካገኘ ይበቃው ነበር። አፕልተን ጨርቁን ወደ ተራ አስመጪ ነጋዴ ልኮ በጨረታ ሲያሸጠው ከ30 ሳንቲም በላይ አወጣ። "የአገር ውስጥ" ተብሎ ለብቻው ሲቀመጥ የሚደነቅ ዕቃ ሆነ፤ ከሌላው ጨርቅ ጋር ተደርድሮ በእጅ ሲዳሰስ ጊዜ ተሸጠ። የባህል ልብስ ነጋዴዎቻችን ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋጋው ወረደ፤ በ1819 21 ሳንቲም፣ በ1826 13፣ በ1829 8 ተኩል፣ በ1843 6 ተኩል። የ1816ቱ የቀረጥ ሕግም አግዟል። በጥጥ ጨርቅ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ ዋናው ግን በካሬ ያርድ ከ25 ሳንቲም በታች የሆነው ሁሉ 25 ሳንቲም እንዳወጣ ተቆጥሮ ይቀረጥ ማለቱ ነው። ያ ማለት ቢያንስ 6 ሳንቲም ከሩብ። 10 ሳንቲም የሚያወጣ ርካሽ የህንድ ጨርቅ በዚህ ስሌት 62 በመቶ ተኩል ቀረጥ ይከፍላል፤ ውድ የእንግሊዝ ጨርቅ ግን ያው 25 በመቶውን። ሕጉ የጠበቀው ወፍራሙንና ተራውን ጨርቅ፣ ማለትም ዋልታም የሚሠራውን ነው። ሌላም የማይዘለል ነገር አለ። "የአገር ምርት" ተብሎ የተኮራበት ጨርቅ ጥጡ የተለቀመው ደቡብ ውስጥ በባሪያ ጉልበት ነበር። ዋጋው የወረደው በማሽኑ ብቻ አይደለም።

ይህ ጨርቅ በኋላ በመርከብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ደረሰና ከኤደን፣ ከጅቡቲና ከሐረር በኩል ወደ እኛም ገባ። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1903 አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል አሜሪካ ወደዚህ ከምትልከው ዕቃ ዋነኛው ጥጥ ጨርቅ ነበር። የዋልታም ዓይነቱ "የአገር ውስጥ" ጨርቅ ለሸዋ ሸማኔ የውጭ ተወዳዳሪ ሆነ። ሸማኔውን ያላጠፋው አቡጀዲ ጋቢን መተካት ስለማይችል ይመስለኛል። የላላው የእጅ ማግ በድርቦቹ መካከል አየር ይይዛል፤ አጥብቆ የተመታ እኩል ክር ግን ለደጋ ብርድ አይሆንም።

ቆጠራና ሚዛን

አፕልተን ከጻፋቸው ልኮች ወርዱን፣ የማጉን ብዛትና ክብደቱን ማንኛውም ገዢ መለካት ይችላል፤ የሚያስፈልገው የስፌት ሜትር፣ ትንሽ ሚዛንና አንድ ቁራጭ ካርቶን ነው። ካርቶኑን በመሐሉ 2.5 በ2.5 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቅደዱ። ጨርቁ ላይ አስቀምጡና በቀዳዳው ውስጥ የሚታዩትን ማጎች በመርፌ ጫፍ ቁጠሩ። ሦስት ቦታ ይቆጠር፦ መጀመሪያው፣ መሐሉና መጨረሻው። ቁጥሩ ብዙ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሦስቱ መቀራረብ አለባቸው። መጀመሪያ ላይ 30 ሆኖ መጨረሻ ላይ 24 ከሆነ ሸማኔው ምቱን አላልቷል፤ በዚያ በኩል ያለው ሲታጠብ ይበልጥ ይሰበሰባል፣ ልብሱም ጠማማ ይሆናል። ሲቆጠር ተመሳሳይ ዓይነት ከተመሳሳይ ጋር ነው፤ ነጠላን ከጋቢ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ክብደቱን መዝኑና የተዘረጋውን ስፋት በካሬ ሜትር አስልታችሁ አካፍሉ፤ ድርቦቹን ሁሉ መቁጠር አይረሳ። በክንድ የሚለካ ሻጭ ካጋጠማችሁ ክንዱን አትከራከሩ፤ ሜትር አውጡ። ክንድ እንደ ሰዉ ይለያያል፣ ሻጮችም ረጅም ክንድ ያለው ሰው አያስለኩም።

ክብደት ሊዋሽ ይችላል። ድር እንዳይበጣጠስ ሲሸመን የዱቄት ሙቅ ወይም ስታርች ይቀባል፤ ይህ ተገቢ ነው፣ የዋልታም ፋብሪካም ይቀባ ነበር። ክፋቱ ሳሳ ያለን ጨርቅ ድርቅ ያለና ከባድ ለማስመሰል ካለቀ በኋላ ሲጨመርበት ነው። በሁለት እጅ አሹት፤ ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ብናኝ ከረገፈ ተጠንቀቁ። ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዮዲን አንድ ጠብታ ከዘርፉ በተሳበ ክር ላይ ጣል አድርጉ፤ ስታርች ካለው ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል። ማጉ ላይ ስታርች መገኘቱ ይበልጥ አጠራጣሪ ነው፤ ማግ ሙቅ መቀባት አያስፈልገውም።

ጥለቱ ላይ ደግሞ የዋሽንግተን ጥያቄ ይመጣል፦ ቀለሙ ይለቃል ወይ? ነጭ መሐረብ በለብ ያለ ውሃና ሳሙና አርጥባችሁ ጥለቱን ሃያ ጊዜ ያህል አሹት። መሐረቡ ላይ ቀለም ከወጣ ያ ቀለም ነገ ነጩ ላይ ነው የሚያርፈው። ቀይና ጥቁር ይበልጥ ይለቃሉ። የሚያብለጨልጨው ጥለት ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ከጥጥ ጋር እኩል ስለማይሰበሰብ ከታጠበ በኋላ ጥለቱ ይጨማደዳል። ይህ ሲታጠብ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ ጠባብ ጥለት ላይ ብዙም አይታይም፣ ሰፊው ላይ ግን ያስጠላል።

መንዝና የበግ ፀጉር

ወደ ደጋው ስንወጣ ወሬው ይለወጣል። ጥጥ የይፋት ቆላ ነው፤ በአልዩ አምባና በአካባቢው አርጎባዎች ከጥንት ጀምሮ በሽመና የታወቁ ናቸው። መንዝ ግን፣ ማማም ላሎም ጌራም፣ የበግ አገር ነው። በርኖስ (የሱፍ ካባ)፣ ባናና ዝተት (የሱፍ ብርድ ልብስ) ከዚያ ነው የሚወጣው።

የሱፍ ጨርቅ ጥራት ከበጉ ይጀምራል። አሜሪካኖቹ ይህን ዘግይተው ነው የተረዱት። ዴቪድ ሃምፍሪስ ስፔን በዲፕሎማትነት ሠርቶ ሲመለስ በ1802 ወደ 100 የሚጠጉ ሜሪኖ በጎች ወደ ኮኔቲከት አስጫነ፤ ከዚያ የሱፍ ፋብሪካ አቋቋመ። ቶማስ ጄፈርሰን ከውጭ ንግድ እገዳው በኋላ፣ ኖቬምበር 1808፣ የአገር ውስጥ ጨርቅ የዘመኑ መንፈስ ሆኗልና በምሳሌነት ማበረታታት ግዴታ ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ለኮት ያዘዘው ከዚሁ ከሃምፍሪስ ፋብሪካ ምርጡን ነበር። የሜሪኖ ፀጉር ደቃቅና ጥቅልል ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ ለስላሳ ኮት አይወጣውም። ነገር ግን ውሃና ነፋስ ለሚከላከል፣ ለዓመታት ለሚቆይ በርኖስና ለምንጣፍ እርሱ ይሻላል። የመንዝን ባና ለምን ይወጋል ብሎ መናቅ በጉን አለማወቅ ነው። የሚወጋችሁ ከሆነ ከሥሩ ነጠላ አድርጉ።

ዋናው ሥራ ከሽመናው በኋላ ያለው ነው። የሱፍ ጨርቅ ከተሸመነ በኋላ በሙቅ ውሃ ርሶ ሲረገጥ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ጨርቁ ይጠባል፣ ይወፍራል፣ በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ይደፈናል። አሜሪካ ውስጥ በውሃ ኃይል የሚነሣ የእንጨት መዶሻ ያለው መውቀጫ ይህን ይሠራ ነበር፤ ቤቱ ፈትሎ ሸምኖ ጨርቁን ለማስወቀጥ ወደዚያ ይወስዳል። ረገጣው ያልበቃው ጨርቅ ነፋስ ያስገባል፣ ክሩ ይንሸራተታል፤ የበዛበት ደግሞ እንደ ቆዳ ይደርቃል። ባናውን ወደ ብርሃን አንሡት፤ የብርሃን ነጥብ ከበዛ አልበቃውም። ሁለት ጣት ላይ አድርጋችሁ ድሩን በጥፍር ወደ ጎን ግፉት፤ ከተንሸራተተና ቦታው ካልተመለሰ አሁንም አልበቃውም።

ድሩ ጥጥ ወይም ሰው ሠራሽ የሆነ የሱፍ ብርድ ልብስም አለ። ነውር አይደለም፤ ይቀላል፣ አይበጠስም። ነገር ግን ጥጥ ሲረገጥ እንደ ሱፍ ስለማይሰበሰብ ጨርቁ በወርዱ ብቻ ነው የሚጠበው፤ ጥግግቱም በዚያው ልክ ያንሳል። በሙሉ ሱፍ ዋጋ መግዛት የለባችሁም። የሚለየው እሳት ነው። ከድርም ከማግም ትንሽ ክር ሳቡና አቃጥሉ፤ ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ይፈርሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ አመዱ ለስላሳ ግራጫ ነው። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል።

የጥቁር በርኖስ ምርጡ ከጥቁር በግ የወጣው ነው፤ አልተነከረምና የሚለቀው ቀለም የለውም። ዋሽንግተን ላዩን ከተነከረው ይልቅ ፀጉሩ ሳይፈተል የተነከረውን የመረጠበት ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቀለሙ ክሩ ውስጥ ይገባል እንጂ ጨርቁ ላይ አይለጠፍም። የተፈጥሮ ጥቁር ፀሐይ ላይ ሲታይ ጫፉ ወደ ቡናማ ያደላል፣ እዚህም እዚያም ነጭ ፀጉር ጣል ጣል ይላል። ፍጹም እኩል፣ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁር ከሆነ ተነክሯል፤ እርጥቡን መሐረብ አምጡ። አጥብቆ የበግ ሽታ ካለውና እጅ ላይ ቅባት ከተወ ፀጉሩ ሳይታጠብ ተፈትሏል። ሽታው በጊዜ ይቀንሳል፤ የተነከረ ከሆነ ግን ቅባቱ ቀለሙ ፀጉሩ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚከላከል ቶሎ ይደበዝዛል።

ብል የሚበላው ሱፍን ነው። የቆየ ባና ስትገዙ እጥፋቱንና ስፌቱን ክፈቱ፤ ብል ጨለማና ያልተነካ ቦታ ይወዳል። ቀዳዳ ባይኖርም የእህል ቅርፊት የሚመስል ትንሽ ሽፋን ካገኛችሁ አትግዙ።

ለሸማኔ ስታዙ

ፈትል ሰጥቶ ማሸመን ከሁሉ የሚያስተማምን መንገድ ነው፤ ስሌት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ የምትወዱትን ልብስ መዝናችሁ በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ እወቁ። 250 ግራም ነው እንበል። 5 ሜትር ርዝመት፣ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ትፈልጋላችሁ። የእጅ ሽመና መጀመሪያ ሲታጠብ ከመቶ ከ5 እስከ 10 ሊሰበሰብ ስለሚችል 5 ሜትር ከግማሽ ይሸመን። 5.5 በ0.9 ሲባዛ 4.95 ካሬ ሜትር፣ በ250 ግራም 1,240 ግራም ገደማ። ከድሩ ጫፍ ተቆርጦ ለሚቀረውና ለሚባክነው አንድ አሥረኛ ጨምሩ፤ 1,360 ግራም ያህል ሆነ። ድሩና ማጉ ከዚህ ስንት ስንት እንደሚወስዱ ሸማኔው ይነግራችኋል። ክሩን ፊት ለፊት መዝናችሁ አስረክቡ፤ ጨርቁንም የተረፈውንም ክር መዝናችሁ ተረከቡ። ይህ አለማመን አይደለም፤ ሸማኔውንም ከኋላ ወቀሳ ያድነዋል።

የሸማ ወርድ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያሳልፈው ሰው ክንድ ከሚደርሰው አያልፍም፤ ስለዚህ ሰፊ ልብስ ሁሉ መጋጠሚያ አለው። የአሜሪካ የቤት ሽመና አንሶላም በዚሁ ምክንያት መሐሉ ላይ ስፌት ነበረው። የሚጋጠሙት ሁለቱ ወርዶች ከአንድ ድር የወጡ ይሁኑ ብላችሁ አደራ በሉ። ከተለያየ ድር ከሆኑ አንዱ ይበልጥ ይሰበሰብና ስፌቱ እንደ ገመድ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ፈትቶ እንደገና መስፋት ብቻ ነው። ወይም ከመጋጠማቸው በፊት ሁለቱንም ማጠብ።

የመጀመሪያው እጥበት ለጥጥ በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን። ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፣ ስታርቹ ይውጣ፣ ከዚያ በትንሽ ሳሙና ይጨመቅ እንጂ አይጠምዘዝ። ሲወጣ ሁለት ሰው አራቱን ማዕዘን ይዞ ቀስ ብሎ ይሳበው፤ ማጉ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ በጥላ ይሰጣ። ባናና በርኖስ ላይ ግን ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ማሸት አንድ ላይ ከመጡ ቤታችሁ ውስጥ ሁለተኛ ረገጣ ጀመራችሁ ማለት ነው። ለብ ባለ ውሃ መንከር፣ ሳያሹ መጫን፣ ውሃው ወርዶ እስኪያልቅ ጠፍጣፋ ላይ ማሳረፍ ይበቃዋል። ገመድ ላይ ርጥቡን ከሰቀላችሁት በራሱ ክብደት ይረዝማል።